ሦስተኛው እንክብል

በስደት አገር፣ አይቮሪ ፓርክ በሚባል ሰፈር ያለው ሱቃችን ውስጥ አንድ አሮጌ ፍሪጅ አለ። ሞተሩ ሲያጉረመርም ጆሮህ ለምዶታልና አትሰማውም። ድንገት ጸጥ ሲል ግን ቀና ትላለህ። መብራት ሄደ? ተቃጠለ? ወተቱስ? የያዝከውን እንደያዝክ ቆመህ ትጠብቃለህ። ከዚያ ግርር ብሎ እንደገና ይነሣል፤ አንተም ወደ ሥራህ ትመለሳለህ። እኔ የገዛ ልቤን እንደዚያ ስጠብቅ የዋልኩበት አንድ ቀን አለ። ኮሮና በገባ በሁለተኛው ዓመት ነው፤ ቅዳሜ ቀን፣ ፀሐይ በመስኮት እየገባች።

እንዴት እዚያ እንደደረስኩ ላሳጥረው። ስለ ሱሱ የሚያወራ ሰው ሰበብ ያበዛል። የኔ ሰበብ አንድ ጥይት ነው። ጻካኔ በሚባል ሌላ ሰፈር ሱቅ በነበረኝ ጊዜ ሦስት ሰዎች ሽጉጥ ይዘው ገቡ። ያለውን ሁሉ ሰጠኋቸው፤ ከሰጠኋቸው በኋላ ዳሌዬን መቱኝ። ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። ሐኪም ቤት ጥይቱን አወጡና የሕመም ማስታገሻ ኪኒን ሰጡኝ። ኪኒኑ የወሰደው የዳሌዬን ሕመም ብቻ አልነበረም። ሳልቀብራት የሞተችውን እናቴን፣ ወረቀት የለህም የሚሉኝን ፖሊሶች፣ በቀን መቶ ጊዜ «ማይ ፍሬንድ» እያሉ የሚሰድቡኝን ደንበኞች፣ ሁሉንም ዝም አሰኘልኝ። ቁስሉ ዳነ። ኪኒኑ ግን ቀረ። ማንም በግድ አላስዋጠኝም።

አራት ዓመት እንዲህ ሄደ። መሐል ከተማ ዕቃ ስንጭን ኪኒኑን ከአንድ ሰውዬ እገዛ ነበር። ኮሮና መጣና መንገድ ተዘጋ፤ ሰውየው ጠፋ። መጠጥና ሲጋራ እንኳ የተከለከለበት ጊዜ ነው፤ ለኔ ማን ሊያስብልኝ። ሰውነቴ የኔ እንዳልሆነ ያወቅሁት ያኔ ነው። መጀመሪያ ታዛጋለህ። ከዚያ አፍንጫህ ይፈስሳል፤ ቆዳህ እንደ ተነጨ ዶሮ ይሆናል፤ እግርህ ሳታዘው ይራገጣል፤ ሆድህ ይፈታል። ሦስት ቀን ቻልኩ። በአራተኛው ቀን ከሱቁ ጀርባ ባለው መንገድ የሚሸጠውን ቡናማ ዱቄት፣ ሄሮይን የሚሉትን፣ በፎይል ላይ አጨስኩ። ኪኒን ይውጥ የነበረው ሰው ኪኒኑ ሲጠፋበት ዱቄት አጫሽ ሆነ።

ሱቁን አብሮኝ የያዘው ሸሪኬ የስልጤ ሰው ነው። ከሱቁ ጀርባ አንድ ክፍል አለን፤ ሁለት አልጋ፣ በመሐል መጋረጃ። እሱ አምስት ጊዜ ይሰግዳል፤ እኔ ሲመቸኝ አማትባለሁ። በዚያን ጊዜ እኔ ማንበብ አልችልም ነበር። ቁጥር አውቃለሁ፤ ቁጥር ሳያውቅ ሱቅ የሚነግድ የለም። ፊደል ግን አጥር ላይ እንዳለ እሾህ ሽቦ ነበር የሚታየኝ። የሚነበብ ነገር ሲመጣ የሚያነበው እሱ ነው። አንድ ቀን ከፍሪጁ ኋላ ተጠቅልዬ፣ ፎይሉ እግሬ ሥር ወድቆ አገኘኝ። አልጮኸም።

«ስማ» አለኝ። «ወይ ትታከማለህ ወይ ትሞታለህ። ሱቁ ውስጥ ግን አትሞትም። ደንበኛ ይሸሻል።»

ዳቦ የሚያመጣልን ሾፌር ወንድም በዚያው ዱቄት ተይዞ ነበር። ሾፌሩ ነው ስለ አንድ ሥር የነገረን። ከመካከለኛው አፍሪካ ደን የሚመጣ ቁጥቋጦ አለ፤ የሥሩን ቅርፊት እዚያ ያሉ ሰዎች ለአምልኮ ይበሉታል፤ ከሱ የሚወጣው መድኃኒት የዱቄቱን ጥም በአንድ ቀን ይቆርጠዋል፤ ግን አእምሮህን ይዞት ይሄዳል፤ የሞቱ ዘመዶችህን ያመጣልሃል። «ወንድሜ ከሞተው አባታችን ጋር ሲነጋገር ዋለ» አለን። ሸሪኬ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

በከተማው ሰሜን በኩል፣ አጥሩ ላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ ባለበት ግቢ፣ ጡረታ የወጣች ነጭ ነርስ በቤቷ ትሰጠው ነበር። ስሟን አልጽፍም፤ ሁላችንም ሲስተር ነበር የምንላት። መጀመሪያ ስንሄድ ደሜን ቀዳች፤ ደረቴ ላይ ገመድ ለጥፋ ልቤን በወረቀት ላይ ሣለችው። ከሳምንት በኋላ ደወለች። «ደምህ ጥሩ ነው፤ ልብህም ጥሩ ነው። ቅዳሜ ና» አለች። ከመምጣቴ በፊት የማደርገውን ለሸሪኬ በስልክ ነገረችው። እሱ በሳሙና ካርቶን ጀርባ በአማርኛ ጽፎ ከአልጋዬ በላይ በሚስማር መታው፤ ጠዋት ጠዋትም እንደ ዜና አንባቢ ቆሞ ያነብልኝ ጀመር።

«በደንብ ብላ። ሙዝ ብላ። ሲስተር የሰጠችህን የጨው ዱቄት በውኃ በጥብጠህ ጠጣ። ሌላ መድኃኒት፣ ሌላ ቅጠል አትውሰድ። ካስመለሰህ ወይም ካስቀመጠህ ተናገር። ስትጠየቅ እውነቱን ተናገር።»

«ሰማሁ» እላለሁ።

አልሰማሁም። ለፈረንጅ ሆድ የተጻፈ ነው አልኩ በልቤ። ኮሶ የጠጣ ሰው ያውቀዋል፤ ብርቱ መድኃኒት በባዶ ሆድ ነው የሚወሰደው። ጠበል ስትገባም ጠግበህ አትገባም። ይኼ ሥር ደግሞ ሰውን ይከፍታል፣ ሙታን ያመጣል ተብሏል። እናቴ ብትመጣ ሙዝ እያገሳሁ ልቀበላት ነው? ፈርቼ ነበር፤ የፈራ ሰው ደግሞ የሚያውቀውን ነው የሚይዘው። እኔ የማውቀው ጾም ነበር።

ስለዚህ ከረቡዕ ጀምሬ ጾምኩ። ሥጋና ወተት መተው ማለቴ አይደለም፤ እህል የሚባል በአፌ አልዞረም። ከቤተ ክርስቲያን አንዲት እኅት በትልቅ የለስላሳ ጠርሙስ ጠበል ሰጥታኝ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሸሪኬ ሱቁን ሲከፍት እኔ ጓሮ ወጥቼ ሆዴ እስኪነፋ እጠጣለሁ፤ ከዚያ አስመልሳለሁ። ባስመለስኩ ቁጥር «ጠራሁ» እላለሁ። የጨዉን ዱቄት ከአልጋዬ ሥር ደበቅሁት። ሙዙን ባንኮኒ ላይ ደርድሬ ሸጥኩት።

ለማንም አልተናገርኩም። ጾምህን ካወራኸው ለሰው እንጂ ለእግዜር አልጾምክም ተብለን ነው ያደግነው። ሸሪኬ ግን አይቷል። አንድ ክፍል ውስጥ አብሮህ የሚኖር ሰው ሳህንህን ያያል። ዓርብ ምሳ ላይ ድስቱን ከፈተ፣ አየኝ፣ መልሶ ከደነው። እሱም ጾም ያውቃል፤ የሰው ጾም እንደማይጠየቅ ያውቃል። ሙዙ ስላለቀ እሱን እንኳ የበላሁ መስሎታል። ሁለት ጨዋ ሰዎች በጨዋነታችን አንዳችንን ልንገድል ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት በዳቦው መኪና ሄድን። ዳቦ የጫነ መኪና ፖሊስ አያቆመውም ነበር። ሦስት ቀን ያልበላ ሰው ትኩስ ዳቦ መሐል መቀመጥ ምን እንደሆነ አልነግርህም። የመጨረሻውን ዱቄት ያጨስኩት ዓርብ ከሰዓት በኋላ ስለነበር ማዛጋቱ ጀምሮኛል፤ ጉልበቴ ይዘላል፤ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ አስቁሜ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባሁ።

ሲስተር ማስክ አድርጋ፣ ከማስኩ ላይ የፕላስቲክ መከለያ ደፍታ በሩን ከፈተች። እጃችንን ረጨችን። በኮሮና ምክንያት ወደ ውስጥ የሚገባው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሸሪኬ ግቢው ውስጥ፣ ከአልጋዬ አጠገብ ባለው መስኮት ሥር ወንበር ተሰጠው። መስኮቱ የብረት ፍርግርግ አለው። እኔ እስረኛ እሱ ጠያቂ መሰልን።

የኔ እንግሊዝኛ የሱቅ እንግሊዝኛ ነው፤ ዳቦ፣ ስንት፣ መልስ፣ ነገ ና። ስለዚህ ሲስተር የምፈርመውን ወረቀት ታነባለች፤ እሱ በፍርግርጉ ይተረጉምልኛል። አንድ ቦታ ላይ ረጅም ነገር ተናገረች። እሱ አልተረጎመውም።

«ምን አለች?»

«ልብን ትንሽ ያደክማል ትላለች።»

«ትንሽ አለች?»

ማስኩን ከፍ ዝቅ አደረገ። «አይ። ሊያቆመው ይችላል ነው ያለችው። ከቆመ እኔ የምችለውን አደርጋለሁ፤ ግን ሐኪም ቤቶቹ በኮሮና ሞልተዋል፤ አምቡላንስ ብጠራ መቼ እንደሚመጣ አላውቅም ትላለች። ወላሂ፣ ብንመለስስ?»

መመለስ ፈለግሁ። እውነቱን ነው የምጽፈው፤ እግሬ ከአልጋው ወርዶ ነበር። ግን ያው እግር ተራገጠ፤ ብመለስ ወዴት እንደምመለስ አወቅሁት። ወደ ፎይሉ ነው። ስሜን መጻፍ ስለማልችል ጣቴን ቀለም አስነክታኝ አተምኩ።

«በዚህ ሳምንት በደንብ በልተሃል?» አለች ሲስተር። ይቺን ያለ አስተርጓሚ ሰማኋት።

«የስ፣ ሲስተር።»

«አላስመለሰህም?»

«ኖ፣ ሲስተር።»

ሸሪኬ በመስኮቱ አየኝ። ዓይኖቻችን ተገናኙ። ከዚያ ጫማውን ማየት ጀመረ።

ሲስተር ሦስት እንክብል በትንሽ ሳህን ላይ አስቀመጠች። የመጀመሪያው ትንሽ ነው፤ ለሙከራ። ሁለተኛው ይበልጣል። ሦስተኛው ከሁለቱም ይበልጣል፤ ሥራውን የሚጨርሰው እሱ ነው አለች። ደረቴ ላይ ገመዶቹን ለጠፈች፤ በኮሮና ጊዜ አገር ሁሉ ያወቀውን መቆንጠጫ ጣቴ ላይ ሰካች። ከራስጌዬ ያለው መሣሪያ ላይ ቁጥር በራ። ሰማንያ ስምንት። የፈራ ሰው ልብ ነው።

የመጀመሪያውን ዋጥኩ። ምንም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሁለተኛውን ዋጥኩ። ከመራራም መራራ ነበር፤ በእንክብሉ ቆዳ ውስጥ እንኳ ያስታውቃል።

መጀመሪያ የመጣው ድምፅ ነው። ጆሮዬ ውስጥ የንብ መንጋ ገባ። ከዚያ ሲስተር እጇን ስታንቀሳቅስ እጇ ጭራ አወጣ። ከዚያ፣ ይኼን ስጽፍ እስካሁን ይገርመኛል፣ እግሬ ዝም አለ። ማዛጋቱ ቆመ። ሆዴ ረጋ። ያ ዱቄቱን ባጣሁ ቁጥር የሚገርፈኝ ጌታ በአንድ ሰዓት ውስጥ በሩን ዘግቶ ወጣ። «ሄደ!» አልኩ በአማርኛ። ሸሪኬ ወንበሩ ላይ ቆመ። «ምኑ?» «እሱ!» አልኩት። «አልሐምዱሊላህ!» አለ፤ ሊጨብጠኝ እጁን በፍርግርጉ ሲያስገባ ሲስተር መታችው።

ደስታው ብዙ አልቆየም። ቀና ልል ስሞክር ክፍሉ ተገለበጠና አስመለስኩ። ከሆዴ ቢጫ ውኃ ብቻ ወጣ። ሲስተር ባልዲውን አየችው። «ቁርስህ የት አለ?» አለች። ዓይኔን ጨፈንኩ።

ዓይኔን ስጨፍን እናቴ አልመጣችም። የመጣው ሱቁ ነው። መደርደሪያው ማለቂያ የለውም፤ በሕይወቴ የሸጥኩት ጣሳ፣ ሳሙና፣ ሻማ ሁሉ ተደርድሯል። ባንኮኒው ፊት ሰዎች ተሰልፈዋል፤ ሁሉም ማስክ አድርገዋል። አንዱ ከነዚያ ከጻካኔዎቹ ዘራፊዎች እንደሆነ አውቃለሁ፤ የትኛው እንደሆነ ግን አላውቅም። አንድ በአንድ እየመጡ ያልያዝኩትን ዕቃ ይጠይቁኛል። ከኋላዬ ፍሪጁ ያጉረመርማል። ከዚያ ዝም ይላል። ሰልፉ ሁሉ ቀና ብሎ ይጠብቃል። እኔም እጠብቃለሁ። ግርር ይላል። እንደገና ዝም። ዝምታው እየረዘመ መጣ። የዚያን ጊዜ ነው ፍሪጁ እኔ እንደሆንኩ የገባኝ።

ዓይኔን ከፈትኩ። ቁጥሩ አምሳ አንድ ይላል። ጸሎት አነብ ዘንድ ፊደል አላውቅም፤ ቁጥር ግን አነባለሁና ቁጥሩን ማንበብ ያዝኩ። አርባ ስምንት። አርባ ስድስት። መሣሪያው ጢጥ ይላል፣ ይቆያል፣ ጢጥ ይላል። አንዳንዴ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ጢጥ ጢጥ ይልና እንደ ተራራ የሚከብድ ዝምታ ይከተላል። በዚያ ዝምታ ውስጥ እጄ እንጨት ሆነ። ጥይቱ ሲመታኝ እንኳ እንዲህ አልፈራሁም። ያኔ የሚገድለኝ ከውጭ ነበር።

ሲስተር ከመሣሪያው የወጣውን ረጅም ወረቀት በጣቷ እየለካች ግንባሯን ቋጠረች። ሦስተኛው እንክብል በግራ እጇ ነው። ወረቀቱን አየች፤ እኔን አየች።

«እንደገና እጠይቅሃለሁ። ከደምህ ውጤት ጋር የማይገናኝ ነገር እያየሁ ነው። በልተሃል?»

አሁን ይኼን የሚያነብ ሰው «እንዴት አትናገርም!» ይለኛል። እኔም ራሴን እላለሁ። ግን ያኔ ያሰብኩትን ልጻፍ። ከተናገርኩ ታቆመዋለች፤ ካቆመችው ያ ጌታ ይመለሳል አልኩ። ደግሞም ጾሜ ይፈርሳል አልኩ። ልቤ ሊቆም ነው፣ እኔ ስለ ጾሜ አስባለሁ።

«በልቻለሁ፣ ሲስተር።»

አፌን ከፈትኩ። እጇ ተዘረጋ።

«ሲስተር! ስቶፕ!»

ሸሪኬ ሁለት እጁን በፍርግርጉ አስገብቶ ብረቱን ይነቀንቃል። ማስኩ አገጩ ላይ ወርዷል።

«ዝም በል!» አልኩት በአማርኛ።

«አንተ ዝም በል! ውሸታም!» ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ በእንግሊዝኛው ሁሉንም ዘረገፈው። ከረቡዕ ጀምሮ እህል እንዳልቀመስኩ፣ ጓሮ ውኃ እየጠጣሁ ሳስመልስ ጠዋት ጠዋት እንደሚሰማኝ፣ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ እንዳስቀመጠኝ። «ጾም ስለሆነ ነው ዝም ያልኩት። በኛ አይጠየቅም» አላት። ዐሥር ዓመት አብሬው ስኖር ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሲስተር አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። እንክብሉን መልሳ ጠርሙስ ውስጥ ከተተች፤ ክዳኑን አጠበቀች፤ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችበት። ከዚያ ትሮጥ ጀመር። ሐኪም ዘንድ ደወለች፤ ስልኩን በትከሻዋ ይዛ ክንዴ ላይ መርፌ ሰካች፤ ላስቲክ ከረጢት ሰቀለች። ሸሪኬ የምትለውን ይተረጉምልኛል፤ አሁን ምንም አያለሰልስም። «ልብ የሚመታው በደም ውስጥ ባለ ጨው ነው ትላለች። አንተ ጨውህን ጓሮ ደፍተኸዋል። ይኼ ሥር ደግሞ ያለ ጨው ልብን ያቆማል። ሦስተኛውን ብትውጠው...» አልጨረሰውም።

ያን ከሰዓት በኋላ በሙሉ ቁጥሩን ሳይ ዋልኩ። አርባ አንድ ደረሰ። ከዚያ በታች አልወረደም። ከረጢቱ ጠብ ይላል፤ መሣሪያው ጢጥ ይላል፤ በሁለቱ መሐል እኔ አለሁ ወይም የለሁም። መነሣት አልችልም፤ እግሬ ከኔ ተለይቷል። የሰዓት እላፊ ሲደርስ ሊመልሰን የመጣው ሾፌር ብቻውን ሄደ፤ ሸሪኬ ግን ወንበሩ ላይ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ቀረ። በየመሐሉ «አለህ?» ይለኛል። «አለሁ» እላለሁ። መልሴ ሲዘገይበት ፍርግርጉን ያንኳኳል።

እሑድ ጠዋት ቁጥሩ ስድሳ ሁለት ነበር። ሲስተር ሙዝ ልጣ ሰጠችኝ። እጄ ላይ ይዤው ቀረሁ።

«ብላ እንጂ» አለኝ ሸሪኬ በመስኮቱ።

«ጾም...»

«ሙዝ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ፍስክ የሆነው? ሥጋ ነው? እንቁላል ነው? አቦ፣ እኔ የእስላም ልጅ ላስተምርህ?» ከዚያ፣ «ለመሆኑ ያን ሁሉ ሙዝ የት አደረስከው?» አለኝ።

«ሸጥኩት።»

«በስንት?»

ነገርኩት። «አርክሰኸዋል» አለ።

ሰው ዳንክ ወይ ይለኛል። ያ የሚያራግጠኝ ነገር ከዚያ ቀን ወዲህ አልተመለሰም፤ ሁለት እንክብል በቅቶታል። ዱቄቱን መፈለግ ግን ሌላ ነው፤ እሱ ወራት ወስዷል፤ አንዳንድ ቀን አሁንም ከጀርባው መንገድ ጋር እንተያያለን። ይኼን አንብቦ ሥሩን ፍለጋ የሚነሣ ካለ፣ እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ መድኃኒቱ ጨዋታ አያውቅም፣ ውሸት ደግሞ ጨርሶ አይችልም።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ሳምንት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሸሪኬ በኔ መገላበጥ ሲሰለቸው «ካልተኛህ ተማር» አለና ያንኑ የሳሙና ካርቶን ከግድግዳው ነቅሎ ጭኔ ላይ አስቀመጠው። ፊደል የቆጠርኩት በሱ ነው፤ በአርባ አንድ ዓመቴ። «ብ» እና «ላ» ን ገጥሜ በራሴ ያነበብኩ ቀን ካርቶኑን ልቀድደው ነበር። ከአልጋዬ በላይ ተሰቅሎ የነበረው ነገር ሁሉ፣ ጠዋት ጠዋት «ሰማሁ» ያልኩት ሁሉ፣ እዚያው ነበር። የመጨረሻው መስመር ብዙ ቀን ፈጀብኝ። «ስትጠየቅ እውነቱን ተናገር።»

ፍርሃቱ አልለቀቀኝም። አሁንም ሱቅ ውስጥ፣ ሰው ተሰልፎ እያለ፣ ፍሪጁ ዝም ባለ ቁጥር ሁለት ጣቴ ሳላዘው አንገቴ ላይ ይወጣል። ቆሜ እቆጥራለሁ። ደንበኛው «ማይ ፍሬንድ! ዳቦ!» ይላል፤ አልሰማውም። ሸሪኬ ከመደርደሪያው ኋላ ያየኛል።

«አለህ!» ይለኛል። «ዳቦ ሽጥ!»